ትኩስ ድስት የት ይቀመጥ?

አዲስ ቤት የገባ ሰው ጋር ለእንኳን ደስ ያላችሁ ስትሄዱ ሳሎኑን ተዉትና ኪችኑን እዩ። እኛ ሰፈር፣ ኮዬ ፈጬ ማለቴ ነው፣ ሰው ኮንዶሚኒየሙን ሲረከብ ግድግዳና ወለል ነው የሚረከበው፣ የቀረውን ፊኒሺንግ እየተበደረም እቁብ እየጠበቀም ራሱ ያሰራል፣ ሴራሚክ ያስነጥፋል፣ ጂፕሰም ያስገባል፣ በመጨረሻ ያቺን የምታብለጨልጭ ኤምዲኤፍ ኪችን ካቢኔት ያስገጥምና ጎረቤቱን ቡና ይጠራል። ያምራል እኮ፣ አይካድም። ከዛ ለሚቀጥለው በዓል ስትመለሱ ካቢኔቱ ላይ ክብ ምልክት ቁጭ ብሏል፣ ጠርዙ ጋ ደሞ ትንሽ አበጥ ብሏል። "ምን ነካው?" ስትሉ "ያቺ ልጅ ድስት አስቀምጣበት ነዋ!" ትባላላችሁ። ሁሌ ያቺ ልጅ ናት። ልጅቷ እኮ ድስቱን ከእሳት አውርዳ አየር ላይ አትሰቅለውም፣ ማስቀመጫ ሰጥታችኋት ነበር ወይ?

ለካቢኔቱ ያን ሁሉ ብር ያወጣ ሰው ቤት ውስጥ አንድ የረባ የድስት ማስቀመጫ ማጣት ለኔ ሁሌ ይገርመኛል። የታጠፈ ጋዜጣ አለ፣ የልጆች ያለቀ ደብተር አለ፣ እርጥብ የዕቃ መጥረጊያ ጨርቅ አለ (እሱማ ከሁሉም የከፋው ነው፣ እመጣበታለሁ)። ስለዚህ ዛሬ የማወራው ስለዚሁ ነው፣ ትኩስ ነገር ምን ላይ እንደሚቀመጥና ማስቀመጫው ከዛም ሌላ ለምን ለምን እንደሚሆን።

መጀመሪያ ጉዳቱ ከየት እንደሚመጣ። ኤምዲኤፍ ማለት የእንጨት ብናኝ በሙጫ ተጠፍጥፎ የተጋገረ ነገር ነው፣ ላዩ ላይ ደሞ ስስ ሽፋን ተለጥፎበታል። ትኩስ ድስት ሲያርፍበት ሙጫው ይለሰልሳል፣ ሽፋኑ ትንሽ ይነሳል፣ እሱን ላታዩት ትችላላችሁ፣ ከዛ በተነሳው በኩል ውሃ ይገባና ብናኙ ያብጣል፣ አንዴ ካበጠ ደሞ በቃ፣ አይመለስም። ቫርኒሽ የተቀባ የእንጨት ጠረጴዛ ላይ ግን የሚወጣው ነጭ ክብ አብዛኛውን ጊዜ ቃጠሎ አይደለም፣ ሙቀቱ እርጥበት እየገፋ ቫርኒሹ ውስጥ አስገብቶት ነው። ለዚህ ነው እርጥብ ጨርቅ ከሁሉም የከፋው ያልኩት፣ ድስት አስቀመጥን ብለን ጠረጴዛውን በእንፋሎት እየቀቀልነው ነው። ነጩ ክብ ገና ብዙ ያልቆየ ከሆነ መፍትሄ አለው፣ ደረቅ የጥጥ ጨርቅ አልብሳችሁ ካውያውን ዝቅ ባለ ሙቀት ትንሽ ትንሽ ማሳለፍ፣ እያነሱ እያዩ፣ እርጥበቱ ሲወጣ ምልክቱም ይጠፋል። የጠቆረ ከሆነ ግን የእንጨት ባለሙያ ጥሩ። መስታወት ጠረጴዛ ደሞ ድስቱ ያረፈበት ቦታ ብቻ በሙቀት ሊሰፋ ሲል ዙሪያው ቀዝቃዛ ሆኖ አላሰፋም ሲለው ይሰነጠቃል፣ እሱን በካውያ አታድኑትም።

ደሞ ሁሉም ድስት እኩል አይደለም። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ሾርባ ወይ አጥሚት የያዘ ድስት ውሃው እስካለ ድረስ ታቹም ከዛ ብዙ አይርቅም። የሚያቃጥለው ቁሌቱ ነው። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ያለ ዘይት ሲታመስ ቆይቶ፣ ውሃው ሁሉ አልቆ፣ ከዛ ቅቤና በርበሬ ገብቶ ሲቁላላ የድስቱ ታች ከፈላ ውሃ እጅግ ያለፈ ሙቀት ላይ ነው፣ እና ልክ በዛን ሰዓት ነው "ቆይ እስቲ አንዴ ላውርደው" ተብሎ ካቢኔት ላይ የሚቀመጠው። መጥበሻም እንደዛው። ስለዚህ ሾርባ የቻለ ጠረጴዛ ቁሌት አይችልም፣ "እኔ ሁሌ አስቀምጥበታለሁ ምንም አልሆነም" የምትሉ ሰዎች እስካሁን ያስቀመጣችሁት ምን እንደሆነ አስቡት።

ወደ ማቶት ልምጣ። ስለ ማስቀመጫ ሲወራ ሰው ሁሉ ሱፐርማርኬት የተሰቀለውን ነው የሚያስበው፣ ቤታችን ያለችው ማቶት ግን ከሁሉም በላይ የታሰበባት ዕቃ ናት። እማዬ አሁንም ራሷ ነው የምትሰራት። ሳሩን አርሳ ትጠመዝዘዋለች፣ በእጇ ለክታ ክብ ታደርገዋለች፣ ከዛ በቁራጭ ጨርቅ እየጠመጠመች አጥብቃ ትሰፋዋለች። መሀሏ ክፍት ነው፣ ነገሩ ሁሉ ያለው እዛ ክፍት ቦታ ላይ ነው። ጀበና ቂጡ ክብ ስለሆነ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አይቆምም፣ ማቶቷ ግን ዙሪያውን ትይዘዋለች፣ በጣም ትኩስ የሆነው ታችኛው ቦታ ደሞ ምንም ሳይነካ አየር ላይ ይቀራል። ሳሩም በውስጡ አየር አለው፣ አየር ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም።

ቡና ስታፈላም እዩዋት። ጀበናው ገንፍሎ ሲወርድ ቀጥ አድርጋ አታስቀምጠውም፣ ማቶቷ ላይ ወደ ጀርባው ዘንበል ታደርገዋለች፣ አተላው ወደ ሆዱ እንዲወርድ። እስኪሰክን ወሬ ነው። ከዛ ስትቀዳ አቦሉ ጥርት ብሎ ይወርዳል። አንዴ ያቺን ከሱፐርማርኬት የተገዛች ጠፍጣፋ የቀርከሃ ማስቀመጫ ወስጄላት "ጀበናውን እዚህ ላይ አድርጊው" ብያት አይታኝ አይታኝ፣ "እና ዘንበል የሚለው በምኑ ነው ልጄ?" አለችኝ። መልስ የለኝም። ቀርከሃዋ አሁን የሽሮ ድስት ማስቀመጫ ናት፣ ለሱ ደህና ናት። ማቶት ላይ አንድ ችግር ብቻ ነው ያለው፣ ቡና እየፈሰሰባት ስትውል ሻጋታና በረሮ ትጠራለች፣ ስለዚህ ፀሀይ ላይ ማስጣት፣ ጨርቁን መቀየር፣ ሲብስ ጥሎ ሌላ መስራት ነው። የሳር ነገር ናት፣ አይቆጭም።

ሸክላ ድስት ያላችሁ ደሞ በተለይ ስሙኝ። ቀጨኔ ያሉት እናቶች የሚሰሩት ዓይነት ሽሮ ሲሰራበት ጣዕሙ ሌላ ነው፣ ገበታ ላይ ቀርቦም እየተንተከተከ ይቆያል፣ ምክንያቱም ሸክላ ወፍራም ስለሆነ ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም። ያው ባህሪው ነው ጠረጴዛውንም የሚያጠፋው፣ ብረት ድስት ጠረጴዛ ላይ ትንሽ ቆይቶ ሲበርድ ሸክላው ምሳ እስኪያልቅ ያግላል። ሌላው ነገር ጠረጴዛውን ሳይሆን ድስቱን ማሰብ ነው፣ ከእሳት የወጣ ሸክላ እርጥብ ሲንክ ወይ ቀዝቃዛ ግራናይት ላይ ስታስቀምጡት አንድ ወገኑ ባንዴ ይቀዘቅዝና ጠጭ! ብሎ ይሰነጠቃል፣ ያን ሁሉ ያሟሻችሁት ድካም ከሽሮው ጋር ወለል ላይ። ስለዚህ ለሸክላ እንጨት ወይ ማቶት እንጂ ብረትም ድንጋይም አይሆንም። ምግብ ቤቶች ተጋቢኖን በእንጨት ላይ አድርገው የሚያቀርቡት ለፎቶ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

አሁን ጠላት ልገዛ ነው፣ ስለ ኪሮሽ ላውራ። ቤታችን ሁሉ በኪሮሽ የተሞላ ነው፣ የቲቪው፣ የሶፋው፣ የፍሪጁ፣ አሁን አሁን ደሞ ክብ ክብ እየተሰራ "የድስት ማስቀመጫ" ተብሎ ይሸጣል፣ ስጦታም ይመጣል። ያምራል። ግን ክሩ ምንድነው? ገበያ ላይ ያለው ባለ ብዙ ቀለም ክር አብዛኛው አክሪሊክ ነው፣ አክሪሊክ ማለት ፕላስቲክ ነው፣ ትኩስ መጥበሻ ሲያርፍበት ቀልጦ መጥበሻው ቂጥ ላይ ይጣበቃል፣ ከዛ መጥበሻውን ምድጃ ላይ ስትመልሱት ቤቱ ሁሉ ይሸታል። የጥጥ ክር ከሆነ ችግር የለውም፣ ወፈር ተደርጎ ከተሰራ እንደውም በጣም ጥሩ ነው። እንዴት ትለያላችሁ? ትንሽ ክር ቆርጣችሁ ሲንክ ላይ ለኩሱት። ጥጥ ወረቀት ወረቀት እየሸተተ ነዶ አመድ ይሆናል፣ አክሪሊኩ ይቀልጥና ጫፉ ላይ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሰራል። የአክስታችሁ ስጦታ ከሆነ ደሞ አታቃጥሉት፣ ከአበባ ማስቀመጫ ስር አድርጉት፣ ሰላም ይሻላል።

ሲሊኮኗን አልጠላትም። ከ200 ዲግሪ በላይ ትችላለች፣ አትንሸራተትም፣ ድስት ጆሮ ለመያዝም ትሆናለች፣ ክዳኑ እምቢ ያለ የማር ማሰሮ ለመክፈት ደሞ እሷን የሚያክል የለም። ስትገዙ ግን አሽትቱ፣ ገና ሳትሞቅ የጎማ ሽታ የምትሸት ከሆነ እዛው ተዉዋት። ቡሽም ጥሩ ነው፣ የዛፍ ቅርፊት ነው፣ አብዛኛው ከፖርቱጋል ነው የሚመጣው፣ ውስጡ ጥቃቅን አየር ስለሞላው ሙቀት አያሳልፍም፣ ችግሩ ወጥ ከፈሰሰበት ቀለሙ አይለቅም፣ እና እኛ ቤት የማይፈሰው ቀን የለም።

ብር ማውጣት ለማትፈልጉ ደሞ እዚሁ ግቢያችን ውስጥ መዓት አለላችሁ። ፊኒሺንግ ያሰራ ሰው ሁሉ ጋ የተረፈ ሴራሚክ አለ፣ ደረጃ ስር ተደርድሮ አቧራ የሚጠጣው። አንዱን አንሱ፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት እሹት እጅ እንዳይቆርጥ፣ ከስሩ ወፍራም የሱፍ ወይ የጥጥ ጨርቅ ለጥፉበት፣ አለቀ። ጨርቁ ግዴታ ነው፣ ሴራሚክ ብቻውን ሙቀቱን ወደታች ያሳልፋል፣ ጠረጴዛውንም ይጭራል። ወጥ ሲፈስበት በአንድ ጊዜ ይጠረጋል፣ በዚህ በኩል ቡሹንም ቀርከሃውንም ይበልጣል። በድንገት ከባድ ነገር ከጣላችሁበት ይሰበራል፣ ደረጃ ስር ሌላ አለ።

ማስቀመጫ ከጠረጴዛ ውጪ ያለው ጥቅም ግን ለኔ ይበልጥብኛል። በተለይ እግር ያለው የብረቱ። በዓል ሲሆን ያን ትልቅ የዶሮ ወጥ ድስት ሌሊት አውርዳችሁ ወለል ላይ ካስቀመጣችሁት ታቹ አየር ስለማያገኝ በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚበርደው፣ እግር ባለው ላይ ከተቀመጠ ግን ከታችም ከጎንም አየር ይዞረዋል፣ ቶሎ በርዶ ፍሪጅ ይገባል። ትኩሱን ፍሪጅ ውስጥ የምትከቱ ሰዎች የፍሪጁ መደርደሪያ መስታወት መሆኑን አትርሱ። ዳቦም እንደዛው፣ ድፎው ከምጣድ ወጥቶ ጠፍጣፋ ትሪ ላይ ከተቀመጠ ታቹ ያልበውና ይረጥባል፣ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ አይረጥብም። እንጀራ ከምጣድ ሲወጣ ሰፌድ ላይ የሚደረገውም አንዱ ምክንያት ይሄው ነው፣ ሰፌዱ ከታች እንፋሎቱን ያስወጣል፣ ቀጥታ ፕላስቲክ ላይ አድርጉትና እርስ በርሱ ሲጣበቅ ታያላችሁ።

ፕሬዠር ያላችሁ፣ ትንሽ ብረት ማስቀመጫ ታች አድርጋችሁ፣ ውሃ እስከ እግሩ ብቻ ጨምራችሁ፣ ቀይ ስርና ድንቹን ላዩ ላይ ደርድሩ። ውሃ ውስጥ ስላልተቀቀለ ቀይ ስሩ ቀለሙን ውሃው ውስጥ አይጨርስም፣ ድንቹም ውሃ አይጠጣም፣ ለጾም ሰላጣ የሚሆነው እንደሱ ያለው ነው። ውሃው እንዳያልቅ ብቻ ጠብቁ። ህብስት የምትሰሩ ሰዎች ደሞ ይሄን ዘዴ እኔ ልነግራችሁ አልችልም፣ ከኔ በፊት ታውቁታላችሁ።

ከዛ ደሞ ከሰሉ አለ። እኛ ጋ መብራት ሲጠፋ ሁሉም ከሰል ምድጃውን ያወጣል፣ ቡናም ሲፈላ ሳሎን መሀል ነው የሚቀመጠው፣ ስሩ ፕላስቲክ ምንጣፍ። ሰው ረከቦቱን፣ ቄጤማውን፣ ፈንዲሻውን ሁሉ አሳምሮ ምድጃውን ቀጥታ ምንጣፉ ላይ ያስቀምጣል፣ በኋላ ምንጣፉ ተኮማትሮ ሲያዩት ደሞ በሶፋ ይሸፍኑታል። አንድ ቁራጭ ላሜራ ወይ ሴራሚክ መሬት ላይ፣ እላዩ ላይ እግር ያለው ብረት፣ ከዛ ምድጃው። የሚረግፈው ፍም ላሜራው ላይ ይቀራል። መስኮቱን ደሞ ክፈቱ፣ ብርድ ነው አትበሉኝ፣ የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፣ ሰው እንደተኛ የሚቀርበት ስንቱ ቤት ነው። ማታ ከሰል ይዞ መተኛት የሚባል ነገር የለም።

ለጋዝ ምድጃም ይሆናል። ትንሽ ጀበና ጋዝ ምድጃው ብረቶች መሀል ገብታ ትወላገዳለች፣ ከስሯ ጠበብ ያለች ብረት ማስቀመጫ ብታደርጉላት ቀጥ ብላ ትፈላለች። ካውያም ቢሆን፣ እንግዳ በር ሲያንኳኳ ቶሎ የሚቀመጥበት ቦታ ካለው ፍራሹ አይቃጠልም።

እንግዲህ እግር ያለውን የብረቱን ከየት እናምጣ ካላችሁ፣ አትግዙት፣ አስበይዱት። ጫፍ ሰፈር የመኖር አንዱ ጥቅም ይሄ ነው፣ በየመንገዱ በያጅ አለ፣ ቀኑን ሙሉ በርና መስኮት፣ የበረንዳ ብረት ሲበይድ ይውላል፣ ከስሩ ደሞ ቁራጭ ቶንዲኖ (ክብ ዘንግ ብረት) ተከምሯል። 8 ሚሊ ይበቃል፣ ለበዓል ድስት ከሆነ 10። አንድ ክብ፣ መሀሉ ላይ የሚያቋርጡ ሁለት ሶስት ብረቶች ትናንሽ ድስቶች እንዳይሰምጡ፣ እና እግር። እግሩ ላይ ተከራከሩ። የኛ ሰፈሩ ልጅ "አራት ላድርግልሽ እህቴ፣ ይጠነክራል" ብሎኝ ነበር፣ እኔ ሶስት አልኩት። አራት እግር ያለው ነገር ወለሉ ትንሽ ከተዛነፈ ወይ አንዱ እግር በሚሊ ካጠረ ይወዛወዛል፣ የኮንዶሚኒየም ወለል ደሞ ታውቁታላችሁ። ሶስት እግር ግን የትም ብታስቀምጡት ሶስቱም መሬት ይነካሉ፣ ጉልቻ ሶስት የሆነውም ለዚሁ ነው፣ ድንጋዩ ቢበላለጥ እንኳ ድስቱ አይወዛወዝም። "ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም" ይባላል፣ እውነት ነው፣ ግን ካላወዛወዘው አይደፋም። እግሮቹ ወደ ውጪ ትንሽ ይከፈቱ፣ ድስቱ ጫፍ ላይ ቢያርፍ እንዳይገለበጥ። ቁመቱ አራት ጣት ገደማ ይሁን፣ ከዛ ካነሰ ሙቀቱ ታች ይደርሳል፣ ከበለጠ ደሞ ከባድ ድስት ሲያርፍበት ያስፈራል። የእግሮቹ ጫፍ ጠረጴዛ እንዳይቧጭር ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቁራጭ ቆርጣችሁ አልብሷቸው።

እና ቀለም እንዳይቀባው። በያጅ የበየደውን ሁሉ መቀባት ልማዱ ነው፣ ዞር ስትሉ ከበሩ የተረፈውን ቀለም ያነሳል፣ "ይዝጋል እኮ እህቴ" ይላችኋል። የበር ቀለም የተሰራው ለፀሀይና ለዝናብ ነው፣ ትኩስ መጥበሻ ሲያርፍበት ይሸታል፣ ይላላል፣ መጥበሻው ላይም ይቀራል። እንደተበየደ ውሰዱት፣ ጭቅቅቱን በሽቦ ሙልጭ አድርጋችሁ አራግፉት፣ ዘይት ስስ አድርጋችሁ ቀቡትና (ላስቲኩን ከማልበሳችሁ በፊት ነው ታዲያ!) በረንዳ ላይ የከሰል ፍም ላይ አግሉት፣ ጭሱ ሲያልቅ አውጥታችሁ ድገሙት። ዘይቱ ተጋግሮ ጥቁር ሽፋን ይሰራለታል፣ ዝገት ቶሎ አይነካውም። የሸክላ ምጣድ በጎመን ዘር ይሟሻል አይደል፣ ለዚህኛው ግን እኔ የኑግ ዘይት ነው የተጠቀምኩት፣ ብዙ ነው የሚያጨሰው፣ ጎረቤት ልብስ ያሰጣበት ቀን አታድርጉት።